የጉድጓድ ቁፋሮ አገልግሎት ድሬዳዋ ላይ፦ ለቁፋሮው 5 ከ5፣ ከዚያ በኋላ ላለው 2 ከ5

ድሬ ውስጥ ጉድጓድ ለማስቆፈር የምታስቡ ካላችሁ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማህበር ሁኑ፣ ሆቴል ሁኑ፣ ብሎኬት ማምረቻ ሁኑ፣ ይጠቅማችኋል። ሐረር ያላችሁም እንዲሁ። ብዙ ብር የሚወጣበት ሥራ ነው። ግን አብዛኛው ሰው ሲያስቆፍር የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በሜትር ስንት ነው፣ ውሃውስ መቼ ይወጣል። እኛም ለስብሰባ ስንቀመጥ መጀመሪያ የተነሳው ይሄው ነበር። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ይሄ ጉድጓድ ልጆቻችን ማሳውን ሲረከቡም ውሃ ይሰጣል ወይ? ቆፋሪዎቹን ነጥብ የሰጠኋቸውም በዚህ ነው። ጉድጓዱን መቆፈራቸው ብቻ ሳይሆን፣ ከጉድጓዱ በቀን ስንት መውሰድ እንደምንችል የምናውቅበትን ነገር ሰጥተውን መሄድ አለመሄዳቸው ነው የሚመዘነው።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ምስጋናም ቅሬታም አብሮ አለኝ፤ ደግሞ የብዙዎቹ አሠራር ስለሚመሳሰል ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ብታውቁ ይሻላል። ዋጋም አልጽፍም። ነዳጅና የውጭ ምንዛሬ በተንቀሳቀሱ ቁጥር የሜትር ዋጋ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ለነገ አይሆናችሁም።

ከመልካ ጀብዱ ወዲህ ማሳ ያለን ጎረቤታሞች ነን። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ትንሽ ጊሽጣ አለን። እስካሁን የኖርነው በእጅ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። በልግ ሲጠፋ አንዳንዶቹ ይደርቃሉ። የደረቀበት ከጎረቤቱ ይለምናል ወይ በቦቴ ይገዛል። በቦቴ ውሃ ማንጎ አጠጥቶ ማትረፍ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አዋጥተን አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በጋራ እናስቆፍር ተባባልን።

ድሬን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልበል። እዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ከፍሎ ያልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ሲሞላ እንዴት እንደሚሞላ ደግሞ በ1998 ክረምት ሌሊት አይተነዋል። ከ200 በላይ ወገን ነው የወሰደብን። ጎርፉ ያልፋል፣ አሸዋው ይቀራል፣ ለመጠጥ የሚሆን ወንዝ የለንም። ቤታችን የሚገባው ውሃ፣ ፋብሪካው የሚሠራበት ውሃ፣ ሁሉም ከመሬት ስር ነው የሚመጣው። ሳቢያን ያሉት ጉድጓዶች ከተማውን ለረጅም ዓመታት አጠጥተዋል። ሐረርም ብትሆን የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅባት ዓይኗን የጣለችው ድሬ ወገን ነው፤ ከሀሰሊሶ ጉድጓዶች። ድሬ ያለችው ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ። ያ ሁሉ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ ተራራ ይወጣል። ይሄን ሁሉ የምለው፣ አንድ ጉድጓድ ሲቆፈር «የእኔ ግቢ፣ የእኔ ጉዳይ» ማለት እንደማይቻል እንድታዩልኝ ነው። ከደንገጎ በላይ ያለው ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅና በደረቆቹ ወንዞች አሸዋ ውስጥ እየሰረገ ወደ እኛ ይወርዳል። ሁላችንም የምንቀዳው ከዚያው ነው።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ።

ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁን ፈቃድ ነው። ለዚህ ሙሉ ነጥብ ይገባቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። ይዞታው የአንተ ቢሆንም ከስሩ ያለው ውሃ የግልህ አይደለም። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ሕጉ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሪግ፣ ማለትም የቁፋሮ ማሽን፣ አስገብተህ ስትቆፍር ግን ሌላ ነገር ነው። ከእነሱ በፊት ያነጋገርነው አንድ ደላላ «ፈቃድ ምን ያደርግላችኋል፣ በሁለት ሌሊት ጨርሰን እንወጣለን» ብሎን ነበር። እንደዚህ ከሚል ሰው ራቁ። ፈቃድ ሲወጣ የት አካባቢ ስንት ጉድጓድ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚወስድ የሚመዘግብ አካል ይኖራል። ያልተመዘገበ ጉድጓድ ማንም አያውቀውም። ማንም ያላወቀው ጉድጓድ ሲበዛ ደግሞ ውሃው ለምን እንደቀነሰ የሚያስረዳ ሰው ይጠፋል።

ጥናቱን የሠራችው ጂኦሎጂስት ጎበዝ ናት። መሣሪያዋን ከመዘርጋቷ በፊት የሁላችንንም ጉድጓድ ዞራ አየች። ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ለካች፣ ሽንት ቤቱ የት ጋ እንደሆነ፣ ከብት የሚታሰርበት ቦታ የት እንደሆነ ጠይቃ ማስታወሻ ያዘች። ከዚያ በኋላ ነው ብረቶቹን መሬት ላይ ተክላ፣ ገመድ ዘርግታ፣ በኤሌክትሪክ የመሬቱን ንብርብር የለካችው። ቦታውን ስትመርጥ ከአንዱ አባላችን ጉድጓድ ራቅ አደረገችው። ለሰውየው አጥር ቅርብ ቢሆን ኖሮ ለቧንቧ ይረክስልን ነበር። እሷ ግን «አጠገቡ ካደረግነው አዲሱ ሲስብ የእሳቸው ጉድጓድ ይወርዳል» አለች። ሌላ ቦታ ያየኋቸው ባለሙያዎች ይሄን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

ቁፋሮው ራሱ ምንም አይወጣለትም። ሪጉ ሲገባ የኮምፕረሰሩ ድምፅ ሰፈሩን አናወጠው፤ ጫጫታውን ከማንም መጠበቅ ስላለባችሁ እሱን አልቆጥርም። ደስ ያለኝ የድንጋዩን ዱቄት አያያዛቸው ነው። ከጉድጓዱ እየተነፋ የሚወጣውን ፍርፋሪ በየተወሰነ ሜትሩ እየወሰዱ በአጥሩ ሥር ላስቲክ ላይ በተራ ያስቀምጡት ነበር። ትንንሽ ክምር ናቸው፤ ጎናቸው ጥልቀታቸው ተጽፏል። መጀመሪያ ቀላ ያለ አሸዋና ድቡልቡል ጠጠር ነበር፣ ጎርፍ ያመጣው ነው። ቀጥሎ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ መጣ። ከዚያ ደግሞ እጅህ ላይ ሲታሽ እንደ ስኳር የሚፈረፈር አሸዋ ድንጋይ። ጂኦሎጂስቷ እያንዳንዱን በውሃ እያጠበች፣ በማጉያ መነጽር እያየች ጻፈችው። ጉድጓዱ እንዳይደረመስ የሚገባው ቧንቧ ኬዚንግ ይባላል። ስክሪኑ፣ ማለትም ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ያለው ኬዚንግ፣ የት የት እንደሚገባ የተወሰነው በዚህ ነው። ክምሩን ሳያዩ «በግምት» ኬዚንግ የሚያስገቡ አሉ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ መጀመሪያ ቀን ውሃ ይሰጣል፣ ቆይቶ አሸዋ መትፋት ይጀምራል።

የላይኛውን ክፍል በሲሚንቶ መድፈናቸው ሌላው የወደድኩት ነገር ነው። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ማሳመሪያ ያየዋል። አይደለም። አብዛኛው የድሬ ቤት ሽንት ቤቱ የጉድጓድ ነው፤ ከሱ የሚሰርገው ነገር ናይትሬት ሆኖ ከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይገባል። ከተማችን ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ናይትሬት እንደሚገኝ በጥናት የታወቀ ጉዳይ ነው። በኬዚንጉና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ካልተደፈነ ቆሻሻው በቀጥታ ይወርዳል። እናቶች ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ናይትሬት ውሃ በማፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ውስጥ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። በተለይ በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን አደገኛ ነው። አንድ የተበላሸ ጉድጓድ ደግሞ የሚያበላሸው የራሱን ባለቤት ውሃ ብቻ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ 5 ከ5። ቅር ያሰኘን ከዚህ በኋላ ነው።

ውሃው ሲወጣ ያው እልልታ ነው። በኮምፕረሰር ሲነፋ ሽቅብ ተወረወረ፤ ልጆቹ ገቡበት፣ ሴቶቹ ቡና አፈሉ፣ በግ ይታረድ የሚልም ነበር። የሪጉ ኃላፊ ፊቱ ላይ ሥራው እንዳለቀ ያስታውቃል። ፓምፕ ቴስቱን፣ ማለትም ጉድጓዱ ስንት እንደሚችል እየሳቡ የሚፈትኑበትን፣ ለስድስት ሰዓት ሠርተን እንነሳ አለ። ውላችን ላይ የተጻፈው 24 ሰዓት ነው። ሪጉ ሌላ ቦታ እንደሚፈለግ፣ ጄነሬተሩ ናፍጣ እንደሚበላ፣ «ውሃው እንደሆነ ሞልቷል» እያለ ሊያግባባን ሞከረ። ከማህበራችን በዕድሜ ትልቁ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ሲሰሙ ቆዩና ጠጋ አሉት።

«አባባ፣ አይታይዎትም እንዴ ውሃው?» አላቸው።

«መውጣቱንማ አየሁ ልጄ። መመለሱን አሳየኝ።»

ፓምፕ ቴስት ማለት ይሄ ነው፤ እሳቸው ትምህርት ቤት ሳይገቡ ነው የተናገሩት። ፓምፑ ሳይነሳ ውሃው የቆመበት ጥልቀት አለ፣ ባለሙያዎቹ ስታቲክ ይሉታል። ፓምፑ ሲነሳ ውሃው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ጥሩ ጉድጓድ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። ያን ዳይናሚክ ይሉታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጉድጓዱ ምን ያህል እንደተጨነቀ ይነግራችኋል። ሳይረጋ እየወረደ የሚቀጥል ከሆነ የምትወስዱት ከሚገባው በላይ ነው ማለት ነው። ፓምፑ ሲጠፋ ደግሞ ውሃው ተመልሶ ወደ ነበረበት ይወጣል፤ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመለስ ይለካል። በስድስት ሰዓት አብዛኛው ጉድጓድ ደህና ይመስላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቆይቶ ነው። ለዚህ ነው ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ለትልልቅ ጉድጓዶች እስከ 72 ሰዓት የሚፈተነው።

ተከራከርን። ውሉን አውጥተን አሳየን። ጂኦሎጂስቷም ከእኛ ጋር ቆመች፣ ኃላፊው ደስ ባይለውም ተቀበለ። ሌሊቱን ያደርነው እዚያው ነው። ዲፕ ሜትር የሚሉት መሣሪያ አለ። እንደ ስፌት ሜትር ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ገመድ ነው፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ይጮኻል፣ ትንሽ መብራትም ይበራል። መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ይለካል። ከዚያ በየአምስት፣ በየአሥር ደቂቃው፣ በመጨረሻ በየሰዓቱ። ገመዱ ይወርዳል፣ ጢጥ ይላል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ አንዱ በባትሪ እያበራ ሌላው ይጽፋል።

እኚያው አባት ሌላም ነገር ጠየቁ። «የእኔስ ጉድጓድ?» አሉ። አዲሱ ሲሳብ የእሳቸው የእጅ ጉድጓድ ይወርድ እንደሆነ ማየት ፈለጉ። ጂኦሎጂስቷ ሐሳቡን በጣም ወደደችው፤ አንድ ጉድጓድ ሲሳብ ዙሪያው ያለው ውሃ እየሰፋ በሚሄድ ክብ ዝቅ ይላል፣ ክቡ ጎረቤት ጋ መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ቦታ ርቀት ተጠብቆለት ቢመረጥም ተለካ። እሳቸው ጋ ያለውን ገመድ ያየሁት ያኔ ነው። ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። አባታቸው ሲቆፍሩት የነበረው ገመድ ጥቁር ሆኖ ከባልዲው ወዲህ አለ። ውሃው በራቀ ቁጥር ከላይ አዲስ ገመድ ተቀጥሎበታል፤ አንዱ ሲባጎ፣ አንዱ ናይለን፣ የመጨረሻው ሰማያዊ ፕላስቲክ። የትኛው መቼ እንደተቀጠለ በክረምቱና በልጆቻቸው ልደት እየቆጠሩ ይነግሯችኋል። ማንም ባለሙያ ሳይለካላቸው የቤታቸውን የከርሰ ምድር ውሃ ታሪክ በእጃቸው ይዘዋል። ጂኦሎጂስቷ እያንዳንዱን ቋጠሮ በሜትር ለክታ መዘገበች።

ውጤቱ ምን ሆነ? የሽያጭ ሰዎቹ ገና ከቴስቱ በፊት በሰከንድ 4 ሊትር የሚስብ ፓምፕ ሊያስገቡልን ዋጋ አቅርበው ነበር። በዚያ መጠን ሲሳብ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ሳይረጋ ወረደ፤ የአባትየው ጉድጓድም ከአንድ ስንዝር በላይ ዝቅ አለ። ተቋርጦ እንዲመለስ ከተጠበቀ በኋላ በሰከንድ 2 ሊትር ሲሞከር ረጋ። የእሳቸውም ጉድጓድ አልተናወጠም ማለት ይቻላል። 2 ሊትር ትንሽ ይመስላችሁ ይሆናል። በሰዓት 7,200 ሊትር ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ብንስብ 57,600 ሊትር። ለእኛ ማሳ፣ በአግባቡ ካጠጣን፣ ይበቃል።

ፓምፕ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይሄ ነው። ቆፋሪውና ፓምፕ ሻጩ አንድ ሲሆኑ ትልቅ ፓምፕ መሸጥ ያተርፋቸዋል፣ ገዢውም ትልቅ ሲባል ደስ ይለዋል። ለጉድጓዱ ከበዛ ፓምፕ ግን የሚጎዳው ባለቤቱ ነው። ውሃው እስከ ፓምፑ አፍ ይወርዳል፣ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። ሰብመርሲብል፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ተጠልቆ የሚሠራ፣ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሚያልፍበት ውሃ ስለሆነ ይግላል፣ ይቃጠላል። ስክሪኑ አየር ሲያገኘው ይዘጋል፣ አሸዋ ይመጣል። ከዚያ ሰውየው «ጉድጓዱ ደረቀ» ይልና ሌላ ያስቆፍራል፣ ጠለቅ አድርጎ። ጎረቤቱም ይከተለዋል። እንዲህ እየተባባሉ መውረድ የት እንደሚያደርስ ለማየት ከባሕሩ ማዶ ያለችውን ሰንዓን መመልከት ይበቃል። ድሬ ውስጥ የመን ዘመድ ያለው ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ለጫት ማጠጫ ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ እየተቆፈረ የከርሰ ምድር ውሃቸው በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት የሚፈለግ ሆኗል፤ ከዚያ ጥልቀት ማውጣት ለሀብታም እንጂ ለደሃ ገበሬ አይሆንም።

ሶላር ስለማስገባት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኛም ሶላር ነው ያስገባነው፣ የመብራት መቆራረጡን ስለምታውቁት ምክንያቱን አልዘረዝርም። ጥሩ ነው፣ አመስጋኝ ነኝ። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በናፍጣ ሲሆን ብሩ ራሱ ያስቆምሃል። ፀሐይ ግን በነፃ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ። ሰው ካልከለከለው ከጠዋት እስከ ማታ ይስባል፤ ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ እንኳ። ስለዚህ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ፍሎተር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሲያንስ የሚያቋርጥ መከላከያ፣ መውጫው ላይ ደግሞ ቆጣሪ ይኑረው። ሦስቱም ዋጋቸው ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ድርጅቱ ያቀረበልን ዋጋ ውስጥ ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ጠይቀን ነው ያስጨመርነው። ለዚህ ነጥብ ቀንሻለሁ።

ከሁሉ ያበሳጨኝ የመለኪያ ቧንቧው ነው። ከፓምፑ ጋር ጎን ለጎን አንድ ቀጭን ቧንቧ መውረድ አለበት፣ ዲፕ ሜትሩ በዚያ እንዲገባ። እሱ ከሌለ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ውሃው የት እንዳለ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ገመዱ ከኬብልና ከቧንቧ ጋር ይጠላለፋል። ቧንቧውን ሳያስገቡ ክዳኑን ሊበይዱ ሲሉ ደረስንባቸው። «ማን ይለካዋል ብላችሁ ነው?» አለ አንዱ ሠራተኛ፤ በቅንነት ነው የጠየቀው፣ ልጁ ሲለካ አይቶ ስለማያውቅ። ሆኖም ፓምፑን መልሰው አውጥተው ቧንቧውን ካሰሩ በኋላ እንደገና አወረዱት፣ ተጨማሪ ብርም አላስከፈሉንም። ይሄን በጎ ነገራቸው አድርጌ ይዤላቸዋለሁ።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጨነቅበት ላስረዳ። ፓምፕ ቴስት የሚነግራችሁ ስለ ጉድጓዱ ነው፤ በዚያች ቀን ይሄ ጉድጓድ ምን ያህል ይችላል የሚለውን። ከስር ያለው ውሃ ከዓመት ዓመት እየሞላ ነው ወይስ እያለቀ ነው የሚለውን ግን አይነግራችሁም። እሱ የሚታወቀው በየወሩ በመለካት ነው። ሌሊቱን ፓምፑ ካረፈ በኋላ፣ ጠዋት ሳይነሳ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። መስከረምን ከግንቦት ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም፤ ክረምት ሲያልፍ ከፍ ማለቱ፣ በደረቁ ወር ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። የዘንድሮን ግንቦት ከአምናው ግንቦት ጋር ነው ማስተያየት። ዝቅ እያለ ከሄደ ከሚገባው በላይ እየወሰድን ነው ማለት ነው፣ ወይም በላይ በኩል ሌላ ሰው መሳብ ጀምሯል፣ ወይም ዝናቡ ቀንሷል። የትኛው እንደሆነ ለመነጋገርም ቁጥሩ ያስፈልጋል። ቁጥር ከሌለ ጠብ ነው የሚሆነው።

ማህበራችን ደብተር ከፍቷል። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የአባላችን ልጅ፣ በየወሩ መጀመሪያ ትለካለች፣ የቆጣሪውንም ንባብ አብራ ትጽፋለች። የአንድ ዓመት ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ከወረደ የማጠጫ ሰዓት በሁላችንም ላይ እኩል እንዲቀነስ በቃለ ጉባኤ ፈርመናል። ቀላል ስምምነት አልነበረም። አዲስ ችግኝ የተከለ ሰው ሰዓቴ ሲቀነስ ችግኜ ይሞታል ብሎ ተከራክሯል፣ እውነቱን ነው። የሐረማያን ነገር ያነሳነው ያኔ ነው። ሐይቁን አንድ ሰው አላደረቀውም። ከተማው ይስብ ነበር፣ ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ ይስብ ነበር፣ ከተራራው የተሸረሸረው አፈር ደግሞ ሐይቁን ይሞላው ነበር። እያንዳንዱ ሰው የነበረችው ትንሽ ፓምፕ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት ሲግጥበት ያየን ሰዎች አሁንም አለን። በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል፣ እሰየው፤ የእኛ ግን ከመሬት ስር ስለሆነ ሲወርድ በዓይን እንኳ አይታይም። ችግኝ የተከለው ወንድማችን ይሄን ሰምቶ ፈረመ። ለችግኞቹ ሁለት ዓመት ቅድሚያ እንዲሰጠውም ተስማማን።

ጠብታ መስኖ ዘርግተናል። ለእሱ ሌላ ጊዜ ለብቻው እጽፋለሁ፤ አሁን ግን አንድ ነገር ብቻ። የድሬ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፣ ማንቆርቆሪያችሁን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። ያው ኖራ የጠብታ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ማጣሪያ ግዙ፣ የመስመሩን ጫፍ በየሳምንቱ እየከፈታችሁ አጥቡ። አለበለዚያ ተናዳችሁ ቱቦውን ትጥሉና ወደ ቦይ ትመለሳላችሁ፣ በቦይ ደግሞ ግማሹ ውሃ መንገድ ላይ ይቀራል።

ደግሞ አደራ፣ የጎርፍ ውሃ በቀጥታ ወደ አሮጌ ጉድጓድ አትልቀቁ። ውሃውን ወደ መሬት መመለስ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ጎርፍ ይዞት የሚመጣው ቆሻሻም አብሮ ይገባል። እኛ በማሳው ራስጌ በኩል የግማሽ ጨረቃ እርከን ሠርተን ጎርፉ ቆሞ በአፈሩ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ አድርገናል። አፈሩ ያጣራዋል።

ወደ ድርጅቱ ስመለስ፣ ሪፖርቱን ለማግኘት የተንገላታነው መንገላታት ሌላ ነው። የድንጋዩ ዝርዝር፣ ኬዚንጉና ስክሪኑ የገቡበት ጥልቀት፣ የፓምፕ ቴስቱ ሰንጠረዥ፣ የሚመከረው የመሳቢያ መጠን፣ ፓምፑ የተቀመጠበት ጥልቀት፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ተጠርዞ መሰጠት አለበት። ስልክ ስንደውል «ቢሮ ነው ያለው»፣ ቢሮ ስንሄድ «ባለሙያዋ መስክ ወጥታለች»። ሙሉ ክፍያ ተፈጽሞ ስለነበር የሚቸኩልበት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ያገኘነው ጂኦሎጂስቷ ራሷ ደውላ፣ በፍላሽ ገልብጣ ስላመጣችልን ነው። አምላክ ይስጣት። የላቦራቶሪው ውጤት ላይ ናይትሬቱ ከልኩ በታች ነው፣ የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም ኖራው፣ ግን ከፍ ያለ ነው፤ ለማጠጫ ይሆናል፣ ለመጠጥ ስናስብ ደግመን እናስመረምራለን።

ይሄ ወረቀት ከሌላችሁ ነገ ፓምፑ ሲበላሽ የሚመጣው ጥገና ሠራተኛ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ፓምፑ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ አያውቅም፣ ስክሪኑ የት እንዳለ አያውቅም፣ ጉድጓዱ ስንት ይችል እንደነበር አያውቅም። ገምቶ ይሠራል፣ ገምቶ ያስከፍላል።

ደግሜ አሠራቸው ነበር ወይ? አዎ፣ አሠራቸዋለሁ። ቁፋሮው ንጹሕ ነው፣ ባለሙያዋ እንደሷ ያለ አላየሁም። ግን ውሉን ሌላ አድርጌ ነው የማስፈርመው። የፓምፕ ቴስቱ ሰዓትና የመመለሻው ልኬት በቁጥር ይጻፍ። ፓምፕ የሚመረጠው ከቴስቱ በኋላ ይሁን፤ ከተቻለም ከሌላ ሻጭ። የመለኪያ ቧንቧ፣ ቆጣሪና ፍሎተር ዋጋው ውስጥ ይካተቱ። የላይኛው ክፍል በሲሚንቶ ሲደፈን የማህበሩ ሰው ቆሞ ይይ። ከክፍያው ደግሞ የሚያማቸውን ያህል፣ በትንሹ አንድ አሥረኛውን፣ ሪፖርቱ እጃችሁ እስኪገባ ያዙት።

ከመልካ ጀብዱ ወዲህ ያላችሁና ለማስቆፈር ያሰባችሁ ካላችሁ የእኛን የቴስት ሰንጠረዥና የወር በወር ልኬት ኮፒ አድርገን እንሰጣችኋለን፣ በነፃ ነው። የእናንተ ጉድጓድ ሲፈተን ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ንገሩን፤ ተማሪዋ ልጅ ደብተሯን ይዛ የእኛን ጉድጓድ በዚያው ሰዓት ትለካለች።